ሴኮንድን ሊተረጉም የተቃረበው «የተከለከለ» ብርሃን

በኖቬምበር 2022 በፈረንሳይ ቬርሳይ የተሰበሰበው የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባኤ፣ የሴኮንድ ትርጉም እንዲቀየር የሚያስችል የሥራ ዕቅድ አጽድቋል (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በውሳኔው መሠረት አዲሱን ትርጉም የትኛው አቶም ወይም የትኞቹ አቶሞች እንደሚሸከሙት የሚገልጸው ሐሳብ በ2026 ለሚደረገው ጉባኤ የሚቀርብ ሲሆን፣ ዝግጅቱ ከተሟላ ትርጉሙ በ2030 ይጸድቃል ተብሎ ታስቧል። ዛሬ የምንገለገልበት ሴኮንድ በ1967 የተደነገገ ነው፤ ሲዚየም 133 የተባለው አቶም በሁለት እጅግ የተቀራረቡ የኃይል ደረጃዎቹ መካከል ሲሸጋገር የሚያወጣው ሞገድ 9,192,631,770 ጊዜ እስኪወዛወዝ ድረስ የሚወስደው ጊዜ «አንድ ሴኮንድ» ተባለ። ይህ ሞገድ በዓይን የሚታይ ብርሃን ሳይሆን፣ ምግብ ከምናሞቅበት ማይክሮዌቭ ጋር የሚዛመድ የማይታይ ጨረር ነው። አዲሶቹ ዕጩዎች ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት በብርሃን ነው፤ ብርሃኑም ማንኛውም ብርሃን ሳይሆን፣ የፊዚክስ መጻሕፍት «የተከለከለ» እያሉ የሚጠሩት ዓይነት ነው።

የዕጩዎቹን ዝርዝር ለሚመለከት ሰው አንድ ጥያቄ ወዲያው ይመጣበታል። በግንባር ቀደምትነት የሚነሱት ስትሮንሺየም 38፣ ይተርቢየም ደግሞ 70 ኤሌክትሮን ያላቸው አቶሞች ናቸው። አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ያለው፣ ከሁሉም ይልቅ ቀላል የሆነውና በወረቀትና በእርሳስ ሊሰላ የሚችለው ሃይድሮጅን ምን ጎደለው? ከዓለም መለኪያዎች ሁሉ ትክክለኛ መሆን የሚገባውን መለኪያ፣ ማንም አሟልቶ ሊያሰላው በማይችለው ውስብስብ አቶም ላይ መመሥረት በመጀመሪያ ሲሰማ የተገላቢጦሽ ይመስላል። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ምክንያቱ ያለው ከዚያው ከውስብስብነቱ ውስጥ ነው። ኤሌክትሮኖች ሲበዙ አንዱ የሌላውን መንገድ ይዘጋል፤ ከዚህ መዘጋጋት የሚወለደው፣ አቶሙ ሊያወጣው የማይችል የሚመስል ነገር ግን በመጠኑ የሚያሾልከው ብርሃን ነው። ሰዓቱ የሚቆመው በዚያ ሾልኮ በሚወጣ ብርሃን ላይ ነው።

በሃይድሮጅን እንጀምር። የኒልስ ቦር የ1913 ሥራ እንደሚያስረዳው፣ በሃይድሮጅን ውስጥ ያለው ብቸኛ ኤሌክትሮን በፈለገበት የኃይል መጠን ላይ ሊቆም አይችልም፤ የተወሰኑ ደረጃዎች ብቻ ተፈቅደውለታል። ከአንዱ ደረጃ ወደ ላይኛው የሚወጣው የሁለቱ ልዩነት በትክክል ተመዝኖ በፎቶን፣ ማለትም በአንዲት የብርሃን ቅንጣት፣ መልክ ሲቀርብለት ነው፤ ሲወርድም ያንኑ ልዩነት በፎቶን መልክ ይመልሳል። አቶም የሚውጠውና የሚተፋው ብርሃን አንድ ዓይነት ቀለም የሚኖረው፣ ቀለሞቹም እንደ ቀስተ ደመና ያልተቆራረጡ ሳይሆኑ እንደ ጥበብ ጥለት በተናጠል መስመር የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። በሃይድሮጅን ዘንድ አንድ ጸጋ አለ፤ ኤሌክትሮኑ ክብ ይዙር ወይም የአቶሙ እምብርት ወደሆነው ኒውክለስ ዘልቆ ይመለስ፣ ደረጃው አንድ ከሆነ የኃይሉ መጠን ከሞላ ጎደል አንድ ነው። ይህ ጸጋ ሁለተኛ ኤሌክትሮን በመጣበት ቅጽበት ይጠፋል።

ሶዲየምን የማያውቅ ወጥ ሠሪ የለም። ጨው ያለበት ወጥ ገንፍሎ ቡታጋዙ ላይ ሲፈስ፣ ሰማያዊው ነበልባል ለአፍታ ደማቅ ቢጫ ይሆናል፤ ያ ቢጫ ከጨው የወጣው የሶዲየም አቶም ብርሃን ሲሆን፣ የሞገድ ርዝመቱ 589.0 እና 589.6 ናኖሜትር (የሜትር ቢሊዮንኛ) የሆነ መንታ መስመር ነው። ሶዲየም 11 ኤሌክትሮኖች አሉት፤ አሥሩ በኒውክለሱ ዙሪያ በጥብቅ ታሽገው የተቀመጡ ሲሆኑ አንዱ ብቻውን ውጭ ቀርቷል። አሥሩ የኒውክለሱን ስበት ስለሚጋርዱበት የውጭው ኤሌክትሮን ከሩቅ ሲያይ ኒውክለሱ የሃይድሮጅን ያህል ደካማ ይመስለዋል፤ ዘልቆ ሲገባ ግን መጋረጃውን አልፎ የኒውክለሱን ሙሉ ጉልበት ይቀምሳል። ስለዚህ ዘልቆ የሚገባ ምህዋር ያለው ኤሌክትሮን በጥብቅ ይያዛል፤ ከዳር የሚዞረው ግን ይላላል። በሃይድሮጅን አንድ የነበረው ደረጃ በዚህ የተነሳ ይከፋፈላል፤ በዝቅተኞቹ ሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው ቢጫውን ብርሃን የሚሰጠን። ብዙ ኤሌክትሮን ባለው አቶም የቀለሙን መጠን የሚወስነው ኒውክለሱ ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹ ኤሌክትሮኖች አቀማመጥም ነው የምንለው ከዚህ በመነሳት ነው።

ሶዲየም ግን አሁንም ቀላል ነው፤ የሚንቀሳቀሰው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ነውና። እውነተኛው ችግር የጀመረው በሂሊየም ነው።

ሂሊየም በምድር ላይ ሳይገኝ በፊት በ1868 በፀሐይ ብርሃን ውስጥ የታየ፣ ከሶዲየሙ ቢጫ ጎን ለጎን የቆመ፣ ነገር ግን ሶዲየም ያልሆነ ቢጫ መስመር ነበር። ዊልያም ራምሴ በ1895 ጋዙን በላቦራቶሪ ካገኘው በኋላ ተመራማሪዎች ብርሃኑን ሲበታትኑት ግራ የሚያጋባ ነገር ገጠማቸው። የሂሊየም መስመሮች በሁለት የተለያዩ ቤተሰቦች ተከፍለው ታዩ፤ በአንዱ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ደረጃዎች እርስ በርስ ብርሃን ይሰጣጣሉ፣ ከአንዱ ቤተሰብ ወደ ሌላው የሚያሻግር መስመር ግን የለም። አንዳንዶች በጠርሙሱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጋዞች አሉ ብለው እስከማሰብ ደርሰው ነበር፤ «ኦርቶሂሊየም» እና «ፓራሂሊየም» የሚሉት ስሞች የዚያ ዘመን ግራ መጋባት ትዝታዎች ናቸው። የቦር ንድፈ ሐሳብ ሃይድሮጅንን በሚያስደንቅ ሁኔታ ቢያብራራም፣ አንድ ኤሌክትሮን ብቻ በጨመረው ሂሊየም ፊት ግን ዝም አለ።

መልሱ የመጣው በ1926 ከቬርነር ሃይዘንበርግ ነው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊያመለክት የሚችል ባሕርይ አለው። ሁለት ኤሌክትሮኖች ደግሞ እንደ መንታ ልጆች ተመሳሳይ ከመሆን አልፈው ፈጽሞ አይለዩም፤ ቦታቸውን ብናቀያይር አንዳች ነገር እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ቮልፍጋንግ ፓውሊ ከአንድ ዓመት በፊት ያወጣው ደንብ በዚህ ላይ ሲጨመር ውጤቱ ጥብቅ ነው፤ የሁለቱ ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ ኤሌክትሮኖቹ በቦታ ይራራቃሉ፣ ስፒናቸው ከተቃረነ ግን በቦታ መቀራረብ ይፈቀድላቸዋል። ስለዚህ ስፒን ራሱ በኤሌክትሮኖቹ መካከል ምንም የሚባል ኃይል ሳያሳርፍ፣ የት እንደሚቆሙ በመወሰኑ ብቻ የኃይላቸውን መጠን ይለውጣል። ስፒናቸው የተስማማበት ቤተሰብ በኃይል ዝቅ ይላል፤ ስፒናቸው የተቃረነበት ከፍ ይላል። (ዝቅ የሚለው «ስለሚራራቁ መገፋፋቱ ስለሚቀንስ ነው» የሚለው በክፍል ውስጥ የተለመደው ማብራሪያ ግን ከግማሽ በላይ እውነት አይደለም። በጥንቃቄ የተሠሩ ስሌቶች እንደሚያሳዩት፣ ስፒናቸው የተስማማ የሂሊየም ኤሌክትሮኖች አንዱ ሌላውን የሚጋርደው በጥቂቱ ስለሆነ ወደ ኒውክለሱ ይበልጥ ይጠጋሉ፤ ትርፉ የሚገኘው በዋናነት ከዚያ ነው፣ መገፋፋቱ እንዲያውም ሊጨምር ይችላል።)

በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ድልድይ የጠፋውስ ለምንድን ነው? ብርሃን አቶምን የሚነካው በኤሌክትሪክ መስኩ ነው፤ የኤሌክትሮኑን ቻርጅ ይዞ ይነቀንቃል እንጂ ስፒኑን አይነካም። ስፒኑን ያልነካ ብርሃን ስፒናቸው የተስማማ ኤሌክትሮኖችን ወደተቃረነ ሊለውጣቸው አይችልም። በመሆኑም በዝቅተኛው የተስማማ ደረጃ ላይ የወደቀ የሂሊየም አቶም ከበታቹ ባዶ ቦታ እያለ ሊወርድ አይችልም፤ ተለይቶ ቢተው ከ2 ሰዓት በላይ እዚያው ይቆያል። አንድ አቶም ብርሃን ለመልቀቅ በተለምዶ ጥቂት ቢሊዮንኛ ሴኮንዶች ብቻ እንደሚበቃው ለሚያውቅ ሰው ይህ ዘላለም ነው።

እንግዲህ «የተከለከለ ሽግግር» የሚባለው ይህ ነው። ነገር ግን ክልከላው እንደ ግንብ አጥር ድፍን ሳይሆን እንደ ሰንበሌጥ አጥር ነው፤ የሚያሾልከውም ከባድ ኒውክለስ ነው። በብዙ ቻርጅ በተሞላ ኒውክለስ አጠገብ በፍጥነት የሚያልፍ ኤሌክትሮን ከራሱ አንጻር ሲታይ ቻርጁ በዙሪያው የሚሽከረከርበት ያህል ስለሆነ መግነጢሳዊ መስክ ይሰማዋል፤ ይህ መስክ ስፒኑን ይዞ ያዞረዋል። የሶዲየሙን ቢጫ መንታ መስመር ያደረገውም ይኸው ነው። ኒውክለሱ እየከበደ በሄደ ቁጥር ይህ ጉዳይ በፍጥነት ያድጋልና፣ በከባድ አቶሞች ውስጥ «የተስማማ» እና «የተቃረነ» የሚለው ክፍፍል ንጹሕ መሆኑን ያቆማል፤ አንዱ ቤተሰብ ከሌላው ጥቂት ደም ይቀላቅላል።

የዚህ መቀላቀል ጉልህ ምስክር በየቢሮው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ረጅሙ ፍሎረሰንት መብራት ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው የባዜቃ ትነት 254 ናኖሜትር የሆነ፣ ለዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይለቃል፤ ጨረሩ የቱቦውን ውስጠኛ ግድግዳ የለበሰውን ነጭ ዱቄት ሲመታ የምናየው ብርሃን ይወጣል። ያ 254 ናኖሜትር ሽግግር በደንቡ መሠረት ከአንዱ የስፒን ቤተሰብ ወደ ሌላው የሚሻገር ስለሆነ ሊኖር አይገባውም ነበር። ባዜቃ 80 ኤሌክትሮን ያለው ከባድ አቶም በመሆኑ ግን ክልከላው እጅግ ላልቶ፣ አቶሙ ከ120 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ በማይርቅ ጊዜ ውስጥ ብርሃኑን ይለቃል። የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ባዜቃ መርዝ በመሆኑ ምክንያት የእነዚህን መብራቶች ምርትና ንግድ እስከ 2027 መጨረሻ ለማቆም በ2023 ተስማምተዋል። አንድ ትውልድ ያነበበበት፣ የጻፈበትና የተፈተነበት ብርሃን በደንብ ጥሰት የሚገኝ እንደነበር ሳይታወቅ ሊሰናበት ነው።

ስትሮንሺየም ደግሞ በሂሊየምና በባዜቃ መካከል የቆመ ነው። ከ38ቱ ኤሌክትሮኖች 36ቱ ተዘግተው ሲቀመጡ ሁለቱ ውጭ ይቀራሉ፤ ስለዚህ እንደ ሂሊየም ሁለት ቤተሰብ አለው፣ እንደ ባዜቃ ግን ኒውክለሱ ከበድ ያለ ነው። ከመሠረታዊው ደረጃ የሚነሱ ሦስት መስመሮቹ ነገሩን ከማንኛውም መጽሐፍ በተሻለ ያስረዳሉ። የመጀመሪያው 461 ናኖሜትር የሆነው ሰማያዊ ነው፤ ምንም ክልከላ የለበትም፣ አቶሙ በ5 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ይለቀዋል። ሁለተኛው 689 ናኖሜትር የሆነው ቀይ ነው፤ የስፒን ደንብ ይከለክለዋል፣ በኒውክለሱ ክብደት ምክንያት ይሾልካል፣ ጊዜውም 21 ሚሊዮንኛ ሴኮንድ ነው። ሦስተኛው 698 ናኖሜትር የሆነው ሌላ ቀይ ሲሆን፣ ይህኛው ሁለት ጊዜ የተከለከለ ነው።

ሁለተኛው ክልከላ የሚመጣው ፎቶን ከአቶም ሲወጣ ባዶ እጁን ስለማይወጣ ነው። እያንዳንዱ ፎቶን ከኃይል በተጨማሪ ቢያንስ አንድ አሃድ የዙረት መጠን፣ ፊዚክስ የተማሩ ሰዎች አንጉላር ሞመንተም የሚሉትን፣ ይዞ መሄድ አለበት። በ698ቱ ሽግግር ላይ ግን የኤሌክትሮኖቹ ጠቅላላ የዙረት መጠን ከመነሻው ዜሮ ነው፣ በመድረሻውም ዜሮ ነው፤ ለፎቶኑ የሚከፈል ነገር የለም። የስትሮንሺየም ዋና ዓይነት በሆነው ስትሮንሺየም 88 ዘንድ ኒውክለሱም አይሽከረከርምና በሩ እንደተዘጋ ይቀራል። ከተፈጥሮ ስትሮንሺየም ውስጥ ከመቶው 7 እጅ የሚሆነው ስትሮንሺየም 87 ግን የሚሽከረከር ኒውክለስ አለው። ይህ ኒውክለስ በደካማ መግነጢሱ ኤሌክትሮኖቹን በጥቂቱ ያናውጣቸዋል፤ የተከለከለው ደረጃ ከተፈቀዱት ጎረቤቶቹ ኢምንት ቅንጣት ይቀላቀልበታል፤ በዚያች ቅንጣት ምክንያት አቶሙ በመጨረሻ ብርሃኑን ይለቃል። የሚፈጅበትም ጊዜ 2 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከሰማያዊው መስመር ጋር ሲነጻጸር ከ20 ቢሊዮን ጊዜ በላይ የዘገየ ማለት ነው።

ዝግተኛነት ለሰዓት ለምን ይጠቅማል? የቤተ ክርስቲያን ደወል ተመትቶ ረጅም ጊዜ ሲያስተጋባ ድምፁ የትኛው ቅኝት ላይ እንዳለ በትክክል መለየት ይቻላል፤ ደወሉን በጨርቅ ሸፍነው ቢመቱት ግን «ዱብ» ብሎ ስለሚቀር ቅኝቱን የሚያውቅ የለም። ብርሃንም እንዲሁ ነው። በ5 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ የሚያልቀው ሰማያዊ መስመር ድግግሞሹ (በኸርዝ የሚለካው፣ በሴኮንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) በ30 ሚሊዮን ኸርዝ ገደማ የደበዘዘ ሲሆን፣ 2 ደቂቃ የሚቆየው ቀይ መስመር ግን ድብዛዜው የአንድ ኸርዝ ሺህኛ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ብርሃን በሴኮንድ 429 ትሪሊዮን ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል። ሲዚየም በ9 ቢሊዮን ውዝዋዜ ሴኮንዱን ከከፋፈለ፣ ስትሮንሺየም በዚያው ሴኮንድ ውስጥ ከ46 ሺህ ጊዜ በላይ የደቀቀ ክፍፍል ይሰጣል። ይህን ፈጣን ውዝዋዜ ሊቆጥር የሚችል ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ስላልነበረ ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት በሐሳብ ደረጃ ቆይቶ ነበር፤ ለጆን ሆልና ለቴዎዶር ሄንሽ የ2005 የኖቤል ሽልማት ድርሻ ያስገኘው «የድግግሞሽ ማበጠሪያ» የተባለው የሌዘር ዘዴ ነው መንገዱን የከፈተው።

ሦስቱም መስመሮች በሰዓቱ ውስጥ ሥራ ማግኘታቸው ከዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ የማደንቀው ነው። አቶሞቹ በመጀመሪያ በሰማያዊው ብርሃን ይገፋሉ፤ በሴኮንድ ውስጥ እልፍ አእላፍ ፎቶን መዋጥና መትፋት ስለሚችሉ ፍጥነታቸው በአንድ ጊዜ ይሰበራል፤ ግን ይኸው መስመር የደበዘዘ ስለሆነ ከተወሰነ ቅዝቃዜ በታች ሊያወርዳቸው አይችልም። ቀጥሎ ግማሽ የተከለከለው ቀይ መስመር ይረከባቸውና ከፍጹም ዜሮ በላይ የዲግሪ ሚሊዮንኛ እስከሚሆን ያቀዘቅዛቸዋል። ሁለት ጊዜ የተከለከለው መስመር መጨረሻ ላይ ይመጣና ጊዜውን ይለካል። ብዙ ኤሌክትሮን መኖሩ ባይሆን ኖሮ በአንድ አቶም ውስጥ ፈጣን፣ መካከለኛና እጅግ ዝግተኛ ብርሃን ጎን ለጎን አይገኝም ነበር። ሃይድሮጅንም በዚህ ፈተና የወደቀው ለዚህ ነው፤ ጠባብ የሆነ መስመር አለው፣ ነገር ግን ቀላል በመሆኑ ይፈጥናል፣ ሊያቀዘቅዘው የሚችለው ብርሃን ደግሞ 121.6 ናኖሜትር በመሆኑ ለሌዘር እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የቀዘቀዙት በሺዎች የሚቆጠሩ አቶሞች እንዳይበተኑ በሌላ ሌዘር በተሠራ፣ እንደ እንቁላል ማስቀመጫ ጎድጓዳ በሆነ የብርሃን ወጥመድ ውስጥ ይቀመጣሉ። ይህ ሐሳብ ሲነሳ የነበረው ተቃውሞ ግልጽ ነበር፤ የሚይዛቸው ብርሃን ራሱ የኤሌክትሮኖቹን ደመና ስለሚያዛባ ደረጃዎቹን ያንሸራትታል፣ የተንሸራተተ ደረጃም ሰዓት አይሆንም። የጃፓኑ ሂደቶሺ ካቶሪ በ2001 ያቀረበው መፍትሔ ማንሸራተቱን ማስቀረት ሳይሆን ማስተካከል ነበር። የላይኛውና የታችኛው ደረጃ የሚንሸራተቱበት መጠን ከወጥመዱ ብርሃን ቀለም ጋር ይለዋወጣል፤ በ813 ናኖሜትር አካባቢ ሁለቱ እኩል ይንሸራተታሉና በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሳይነካ ይቀራል። ከክፍሉ ግድግዳ የሚወጣው ተራ ሙቀት ግን በዚህ ብልሃት አይመለስም። በ27 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት የስትሮንሺየሙ ድግግሞሽ ከ2 ኸርዝ በላይ ይወርዳል፤ ከ429 ትሪሊዮን ውስጥ 2 ምንም አይመስልም፣ ሆኖም ዛሬ ከተደረሰበት ትክክለኛነት አንጻር በሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ስሕተት ነው። ስለዚህ የሰዓት ሠሪዎቹ ትልቁ ድካም አቶሙ ላይ ሳይሆን አቶሙን የከበበውን ግድግዳ ሙቀት በማወቅ ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ2024 በአሜሪካ ቦልደር ከተማ በሚገኘው ጂላ በተባለው የምርምር ተቋም የተሠራው የስትሮንሺየም ሰዓት ስሕተቱ ከ10 ኩዊንቲሊዮን ውስጥ 8 ነው ተብሎ ታትሟል፤ ጽንፈ ዓለሙ ከተጀመረ ጀምሮ ቢሠራ ኖሮ እስከ ዛሬ አንድ ሴኮንድ አይሳሳትም ነበር ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት በዚያው ከተማ ያለው የአሜሪካ የደረጃዎች ተቋም በአሉሚኒየም አዮን በሠራው ሰዓት ከዚህ አልፏል።

እዚህ ላይ ወደ መጀመሪያው ጥርጣሬ መመለስ ይገባል፤ አሟልተን የማናሰላውን አቶም እንዴት እናምነዋለን? የስትሮንሺየምን 38 ኤሌክትሮኖች በኳንተም ሕግ መሠረት ለመግለጽ 114 አቅጣጫ ያለው ሂሳብ ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ አቅጣጫ አሥር ነጥብ ብቻ እንመዝግብ ብንል እንኳ የሰንጠረዡ ቁጥሮች ብዛት ከ1 ቀጥሎ 114 ዜሮ ይሆናል፤ በሚታየው ጽንፈ ዓለም ውስጥ ያን ያህል አቶም የለም። እንግሊዛዊው ዳግላስ ሃርትሪ በ1928 ያገኘው ዘዴ እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በሌሎቹ አማካይ ደመና ውስጥ ብቻውን እንደሚዞር አድርጎ ማስላት፣ ከዚያ ደመናውን ማረም፣ እንደገና ማስላት፣ ለውጥ እስኪቆም ድረስ መድገም ነበር። ጡረታ የወጣው አባቱ ዊልያም ሃርትሪ ለዓመታት አብሮት ተቀምጦ ቁጥሮቹን በእጁ ሲያሰላ ኖሯል። ይህ ዘዴ አቶሙን በግርድፉ ይስላል፤ ኤሌክትሮኖች በየቅጽበቱ አንዱ ከሌላው የሚሸሹበትን ጥበብ ግን አያይም፤ ያንን ለመጨመር የኋላ ትውልድ በኮምፒውተር ብዙ ደክሟል። ውጤቱ የስትሮንሺየምን ድግግሞሽ በጥቂት አኃዞች ትክክለኛነት ማስላት መቻል ነው፤ ላቦራቶሪው ግን 18 አኃዝ ድረስ ይለካዋል። መተማመኛው ስሌቱ ሳይሆን የአቶሞቹ ተመሳሳይነት ነው፤ ቶኪዮ ያለ ስትሮንሺየም 87 እና ፓሪስ ያለ ስትሮንሺየም 87 አይለዩም፣ እንደ ሁለቱ ኤሌክትሮኖች።

ቀሪው ክርክር ዕጩውን መምረጥ ላይ ነው። ስትሮንሺየም በብዙ አገሮች ላቦራቶሪ ይሠራል። ይተርቢየም በ578 ናኖሜትር ቢጫ ብርሃን በተመሳሳይ ብልሃት ይሠራል፤ ሙቀትም በመጠኑ ያንስበታል። ይተርቢየም አንድ ኤሌክትሮን አጥቶ አዮን ሲሆን ደግሞ ከሁሉም የሚገርም መስመር ይሰጣል፤ በውስጥ ተደብቆ የነበረ ኤሌክትሮን ወደ ውጭ ወጥቶ የጎደለውን ጥንድ የሚሞላበት ሽግግር ሲሆን፣ ፎቶኑ ሦስት አሃድ የዙረት መጠን መሸከም ስላለበት አቶሙ ብቻውን ቢተው ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ከእነዚህ አንዱን ከመምረጥ ይልቅ የብዙዎቹን ድግግሞሽ እንደ ትክክለኛነታቸው እየመዘኑ በአንድነት ትርጉሙን ይሸከሙ የሚል ሐሳብም ቀርቧል። ማንም ላቦራቶሪ የደከመበት አቶም ስለማይጣልበት ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ሆኖም ለእኔ የሚከብደኝ ሚዛኑ በየጊዜው መታደስ ያለበት መሆኑና «ሴኮንድ ምንድን ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ በአንድ ዓረፍተ ነገር መመለስ አለመቻሉ ነው። ሲዚየም ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተከበረው አንድም በትክክለኛነቱ፣ አንድም በቀላሉ የሚነገር በመሆኑ ይመስለኛል።

ቀኑን ከንጋት ጀምረን ለምንቆጥር ለእኛ ይህ ሁሉ የሰዓት አቆጣጠራችንን አይነካም፤ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሆኖ ይቀጥላል። የሚነካው ቁመትን ነው። አንስታይን እንዳስተማረው ሰዓት ወደ መሬት ሲጠጋ ይዘገያል፣ ከፍ ሲል ይፈጥናል። በ2020 የካቶሪ ቡድን አንዱን የስትሮንሺየም ሰዓት በቶኪዮ ስካይትሪ ግንብ 450 ሜትር ላይ፣ ሌላውን ከሥሩ አስቀምጦ ልዩነቱን ለካ፤ በቀን 4 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ያህል ነው። በ2022 ደግሞ የጂላ ተመራማሪዎች በአንድ ወጥመድ ውስጥ ባሉ አቶሞች መካከል የአንድ ሚሊሜትር ከፍታ ልዩነት የሚያመጣውን ለውጥ ማየት ቻሉ። በዚህ ሂሳብ አዲስ አበባና ከባሕር ወለል በታች ያለው ዳሎል፣ በከፍታ 2,500 ሜትር ያህል ስለሚራራቁ፣ አንድ ዓይነት ሁለት ሰዓቶች ቢቀመጡባቸው የአዲስ አበባው በየቀኑ በ24 ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ገደማ ይቀድማል። ይህ ለእነዚህ ሰዓቶች ግዙፍ ልዩነት ነው፤ አንድ ሴንቲሜትር እንኳ ይታያቸዋል። የዓለም ሰዓት ዛሬ የሚሰላው በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ወዳለ አንድ ማመሳከሪያ እየተመለሰ ሲሆን፣ በሁለት አህጉሮች ያሉ ሁለት ቤተ ሙከራዎች የእነዚያን ሰዓቶች ድግግሞሽ በሙሉ ትክክለኛነታቸው ለማነጻጸር ከፈለጉ የከፍታ ልዩነታቸውን እስከ አንድ ሴንቲሜትር ማወቅ ይኖርባቸዋል። ሰዓቱ የሚቆምበትን ወለል ከፍታ የሚለኩ ቀያሾችም በዚህ የተነሳ ከአቶም ተመራማሪዎቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ ጀምረዋል።